ረመዳን ከመግባቱ በፊት የሚከፈል የፆም ዕዳ

ረመዳን ሲቃረብ የሚነሱት ጥያቄዎች በየዓመቱ ይመሳሰላሉ። ምራቅ ብውጥ ፆሜ ይበላሻል? የጥርስ ሳሙናስ? ሽቶስ፣ መርፌስ? ሁሉም መጠየቅ ያለባቸው ናቸው፤ መልሳቸውም ከታች አለ። ነገር ግን ከሁሉም መቅደም የነበረበት ጥያቄ ብዙ ጊዜ አይነሳም፦ ካለፈው ረመዳን ስንት ቀን አለብኝ? ንጹህ ምራቁን በመዋጡ ፆሙ የተበላሸበት ሰው የለም። የዓመቱን ቀዷ (የቀረን ፆም በሌላ ቀን መተካት) ሳያወጣ፣ አንዳንዱም የብዙ ዓመቱን ሳይቆጥር አዲስ ረመዳን ላይ የሚደርስ ግን ብዙ ነው። ይህን የምጽፈው በተለይ ለነዚህ ሰዎች ነው።

የምእመናን እናት ዓኢሻ (ረ.ዐ) «ከረመዳን የሚቀርብኝ ፆም ይኖርብኝ ነበር፤ ሻዕባን (ከረመዳን በፊት ያለው ወር) እስኪገባ ድረስም ቀዷ ማውጣት አልችልም ነበር» ማለቷን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ዑለሞች (የእስልምና ሊቃውንት) ከዚህ ንግግር ሁለት ነገር ያወጣሉ። አንደኛ፣ በበቂ ምክንያት የቀረን ፆም እስከ ሻዕባን ማቆየት ይቻላል፤ የዒድ ማግስት ካልጀመርኩ ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም። ሁለተኛ፣ ሻዕባን የመጨረሻው ወሰን ነው። ከዚያ ማሳለፍ የሚቻል ቢሆን ኖሮ በሻዕባን ለመጨረስ ባልተጋች ነበር።

የፆም ሕግ ዋና መሠረት ሱረቱል በቀራ ውስጥ ከአያ 183 እስከ 187 ያለው ክፍል ነው። 183ኛው አያ ፆም ከኛ በፊት በነበሩት ላይ እንደተደነገገ በኛም ላይ መደንገጉን ይናገራል፤ ዓላማውም ተቅዋ (አላህን መፍራት) መሆኑን ይገልጻል። 184ኛው «የተቆጠሩ ቀናት» ብሎ ይጀምርና የታመመ ወይም መንገደኛ የሆነ ሰው ያጎደለውን ያህል በሌሎች ቀናት እንዲሞላ ያዛል፤ ፊድያም (በፆም ፋንታ ሚስኪን ማብላት) የተጠቀሰው እዚሁ ነው። 185ኛው ወሩ ረመዳን መሆኑን ያስታውቃል፤ የታማሚንና የመንገደኛን ፈቃድ ይደግምና አላህ ገሩን እንጂ ችግሩን እንደማይሻልን፣ ቁጥሩንም እንድንሞላ እንደሚሻ ይናገራል። 187ኛው የሌሊቱንና የቀኑን ወሰን ያበጃል። በመካከል ያለው 186ኛው ስለ ዱዓ ነው። በፆም ሕግ መሃል መቀመጡ ፆመኛው ወሩን ሲጨርስም ሆነ በየምሽቱ ሲያፈጥር ዱዓ እንዲያበዛ ለማነሳሳት ነው ይላሉ የተፍሲር ሊቃውንት።

ልብ በሉ፤ ገር ማድረጉና ቁጥሩን ማስሞላቱ የመጡት አንድ አያ ላይ አብረው ነው። ፈቃዱን ወስዶ ቁጥሩን የሚተው ሰው የአያውን ግማሽ ብቻ ነው የያዘው።

ግዴታው የወረደው መዲና ላይ፣ በሒጅራ ሁለተኛው ዓመት፣ በሻዕባን ወር ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር 624 መሆኑ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እስኪሞቱ ድረስ ዘጠኝ ረመዳን ፆመዋል። ረመዳን እንደተደነገገ በመጀመሪያው ደረጃ መፆም የሚችለውም ቢሆን ከፈለገ ይፆማል፣ ካልፈለገ ለየቀኑ አንድ ሚስኪን ያበላል። ሰለማ ኢብኑል አክወዕ እንደነገረን ቀጥሎ የመጣው አያ ይህን ምርጫ ሻረው። ኢብን ዐባስ ደግሞ የፊድያው አያ አልተሻረም፣ መፆም የማይችሉ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን ይመለከታል ብሏል። የዛሬው የፊድያ ሕግ የቆመውም በዚህ ላይ ነው።

የ187ኛው አያ መውረጃ ምክንያት ሊታወቅ ይገባል፤ ሕጉ ለምን እንደቀለለ የሚታየው እዚያ ነው። መጀመሪያ ላይ ፆመኛ ሳያፈጥር እንቅልፍ ከወሰደው ያን ሌሊትም ሆነ በማግስቱ እስከ ምሽት ድረስ መብላት አይችልም ነበር። ቀይስ ኢብን ሲርማ የሚባል አንሷሪ ፆሙን ውሎ ሲመሽ ቤቱ ገባና ሚስቱን «የሚበላ አለ?» አላት። «የለም፣ ግን ሄጄ እፈልግልሃለሁ» አለችው። ቀኑን በሥራ የዋለ ሰው ነበርና እሷ እስክትመለስ እንቅልፍ ጣለው። ተመልሳ ስታየው «ወይኔ፣ ምግቡ አመለጠህ!» አለች። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ራሱን ስቶ ወደቀ። ነገሩ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲነገር አያው ወረደ፤ ሶሓቦችም እጅግ ተደሰቱ። ከዚያ ወዲህ ከመግሪብ (ፀሐይ ከጠለቀችበት) እስከ ፈጅር (ጎሕ እስኪቀድ) ሙሉው ሌሊት የተፈቀደ ሆነ።

እንግዲህ ፆም ማለት ከእውነተኛው ፈጅር እስከ ፀሐይ መጥለቅ ድረስ ከሚያበላሹ ነገሮች በኒያ (በልብ ቁርጥ ሐሳብ) መቆጠብ ነው። ብዙው ስህተት የሚፈጠረው በነዚህ ሁለት ጫፎች ላይ ነው።

ነጩ ክር ከጥቁሩ ክር እስኪለይ ድረስ ብሉ የሚለውን የሰማው ዓዲይ ኢብን ሓቲም ነጭና ጥቁር ገመድ ትራሱ ሥር አስቀምጦ ሌሊቱን ሲያያቸው አደረ፤ አልለይ አሉት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሌሊቱ ጥቁረትና የንጋቱ ንጣት ማለት መሆኑን ነገሩት። በሐበሻዊው ቢላል አዛን ላይም ተመሳሳይ ማብራሪያ ሰጥተዋል፦ ቢላል አዛን የሚያደርገው ገና ሌሊት ሳለ ነው፣ ኢብን ኡሙ መክቱም አዛን እስኪያደርግ ድረስ ብሉ፣ ጠጡ። ስለዚህ በጊዜ ሰሌዳዎች ላይ ከፈጅር አስር ደቂቃ ቀድሞ የሚጻፈው «ኢምሳክ» ለጥንቃቄ ነው እንጂ የመብላት ማብቂያ አይደለም። በተቃራኒው፣ የፈጅር አዛን በሰዓቱ ተጀምሮ ሳለ «አዛኑ እስኪያልቅ» ብሎ መጉረስ ፆሙን ያበላሻል። አፍ ውስጥ ያለው ይተፋል፤ የተፋ ሰው ፆሙ ይያዝለታል።

የሰው ከተማ አዛን ተከትሎ ማፍጠርና መቆም ሌላው ችግር ነው። ፀሐይ በአንድ የኬንትሮስ ዲግሪ አራት ደቂቃ ትለያያለች። ጋምቤላ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ አራት ዲግሪ ገደማ፣ ጅግጅጋ ደግሞ በስተምሥራቅ አራት ዲግሪ ገደማ ይርቃሉ። ጋምቤላ ተቀምጦ በቴሌቪዥን የአዲስ አበባን መግሪብ ሰምቶ የሚያፈጥር ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ ሩብ ሰዓት ያህል ቀድሞ ነው የበላው። ጅግጅጋ ሆኖ ሱሑሩን (ከንጋት በፊት የሚበላውን) በአዲስ አበባ ፈጅር የሚለካም ጎሕ ከቀደደ በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል እየበላ ነው። የመካን ቀጥታ ስርጭት እያዩ ማፍጠርም ያው ነው። አውሮፕላን ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ የሚከተለው ያለበትን ሰማይ ነው፤ ከቦሌ ተነስቶ ወደ ምዕራብ እየበረረ ፀሐይ ከፊቱ እየታየችው «አዲስ አበባ መሽቷል» ብሎ አያፈጥርም።

ጠልቃለች ብሎ በልቶ ፀሐይ ብትገለጥስ? አስማእ ቢንት አቢ በክር (ረ.ዐ) በነቢዩ ዘመን በደመናማ ቀን አፍጥረው ከዚያ ፀሐይ መውጣቷን ተናግራለች። አብዛኞቹ ዑለሞች ቀኑ በቀዷ ይተካል ይላሉ፤ ኃጢአት ግን የለበትም። መጥለቋ ከተረጋገጠ በኋላ ግን ማዘግየት ጥንቃቄ አይደለም። ሰዎች ማፍጠርን እስካፈጠኑ ድረስ በመልካም ላይ ይቆያሉ ተብሏል። በእርጥብ ተምር፣ ካልተገኘ በደረቅ ተምር፣ ካልሆነም በውሃ ጉንጭ ማፍጠር ሱና ነው።

ቀጥሎ ኒያ። ሐፍሷ (ረ.ዐ) ባስተላለፈችው ሐዲስ ከፈጅር በፊት ለመፆም ያልቆረጠ ሰው ፆም የለውም። በሻፊዒይ መዝሀብ (ሻፊዒይ፣ ማሊኪ፣ ሐነፊና ሐንበሊ ከሚባሉት አራት የሕግ መንገዶች አንዱ) ለእያንዳንዱ የረመዳን ቀን ከመግሪብ እስከ ፈጅር ባለው ጊዜ፣ የረመዳን መሆኑን ለይቶ መነየት ግዴታ ነው። ቦታው ልብ ነው፤ በምላስ መናገሩ ሸርጥ (ቅድመ ሁኔታ) አይደለም። ነገ ሊፆም አስቦ ሱሑር የበላ ሰው ነይቷል። በማሊኪ ለተከታታይ ወሩ የመጀመሪያው ሌሊት ኒያ ይበቃል። በሐነፊ ለረመዳን እስከ ረፋድ፣ ከእኩለ ቀን በፊት መነየት ይቻላል። በሀገራችን ሻፊዒይ ሰፊ ነው፤ ወሎን በመሰሉ አካባቢዎች ግን ሐነፊውም ጎን ለጎን የሚቀራ በመሆኑ የአንዱን መልስ ለሌላው መስጠት ብዙ ግርታ ይፈጥራል። የሻፊዒይ ዑለሞች ራሳቸው በመጀመሪያው ሌሊት የወሩን ሙሉ እንዲነየት ይመክራሉ፤ አንድ ሌሊት ቢረሳ የማሊክን መንገድ ለመያዝ። እንደ ሻፊዒይ ኒያውን የረሳ ሰው ቀኑን ከምግብ ተቆጥቦ ይውላል፤ በኋላም ቀዷ ያወጣል። «ፆም ካልሆነማ» ብሎ መብላት አይፈቀድለትም።

ለቀዷ ግን ልዩነቱ ይጠፋል። ቀዷና ከፋራ (የከባድ ጥፋት ማካካሻ) በሐነፊም ቢሆን ከሌሊት ጀምሮ መነየት አለባቸው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ «ምንም አልበላሁም፣ ዛሬን ለቀዷ ልያዘው» ያለ ሰው የያዘው ሱና ፆም ነው፤ ዕዳው እንዳለ ነው። ብዙ ሰዎች ቀዷቸውን አውጥተው ሳይወጣላቸው የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ፆም የሚያበላሹትን በአጭሩ ላስቀምጥ። እያወቁ መብላት፣ መጠጣት፣ ሲጋራና ሺሻ ማጨስ፣ የጫት ጭማቂ መዋጥ፣ የግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ ሆን ብሎ የዘር ፈሳሽ ማውጣት፣ ሆን ብሎ ማስመለስ፣ የወር አበባና የወሊድ ደም። ሳይፈልግ ያስመለሰው ምንም የለበትም፤ ጣቱን ከትቶ ያስመለሰ ግን ቀኑን ይተካል። በእንቅልፍ ልብ የሆነው አያበላሽም። ጁኑብ (ከግንኙነት ወይም ከዘር ፈሳሽ በኋላ ያልታጠበ) ሆኖ ያነጋም ፆሙ ትክክል ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጁኑብ ሆነው ያነጉና ይፆሙ እንደነበር ዓኢሻና ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ተናግረዋል። ጉስሉ (የገላ ትጥበቱ) የሚያስፈልገው ለሱብሒ ሶላት ነው።

ረስቶ የበላ ሰው ፆሙን ይቀጥል፤ ያበላውና ያጠጣው አላህ ነው ይላል ሐዲሱ። ማሊኪዎች ብቻ ናቸው ቀዷ የሚሉት። አደጋው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው፦ ረስቶ አንድ ጉርሻ ጎርሶ «በቃ ተበላሸ» ብሎ ምሳውን የጨረሰ ሰው ፆሙን ያበላሸው በሁለተኛው ነው።

ምራቅ አያበላሽም፤ ነገር ግን ንጹህ ሲሆን ነው። ከድድ የወጣ ደም የተቀላቀለበት ከሆነ መትፋትና መጉመጥመጥ ያስፈልጋል። አፍ ድረስ የመጣን፣ መትፋት የሚቻልን አክታ መልሶ መዋጥ በሻፊዒይ ያበላሻል። ውዱእ ላይ ደግሞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለለቂጥ ኢብን ሰቢራ ውሃ በአፍንጫ ሲስብ እንዲያጠልቅ፣ ፆመኛ ከሆነ ግን እንዳያደርግ ነግረውታል። በሻፊዒይ በልኩ ሲጉመጠመጥ ሳያስበው ጉሮሮው የገባ ውሃ አያበላሽም፤ አብዝቶ ስቦ ከገባ ያበላሻል። ሐነፊ ደግሞ በስህተት የገባውንም ቀዷ ያስወጣዋል። ወጥ የምትሠራ ሴት ጨው ለመቅመስ ከተቸገረች በምላሷ ጫፍ ቀምሳ ትትፋ። መፋቂያ በሻፊዒይ ከዙህር በኋላ የተጠላ ነው፤ ፆሙን ግን አያበላሽም። የጥርስ ሳሙና ካልተዋጠ ችግር የለውም፤ ጣዕሙ ኃይለኛ ስለሆነ ግን ከፈጅር በፊት ቢጨረስ ይሻላል። የሚቆላ ቡና ሽታና ሽቶ አያበላሹም። ዋግምት ላይ ሁለት ሐዲስ መጥቷል፤ ሐንበሊዎች ያበላሻል ሲሉ ሦስቱ መዝሀቦች አያበላሽም ይላሉ።

በሕክምናው በኩል ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ1997 እ.ኤ.አ. ጅዳ ላይ ባደረገው 10ኛ ጉባኤ የዓይንና የጆሮ ጠብታ፣ ምላስ ሥር የሚቀመጥ የልብ መድኃኒት (የሟሟው ካልተዋጠ)፣ የጡንቻ፣ የቆዳና የደም ሥር መርፌ፣ ለምርመራ ደም መስጠትም ፆምን እንደማያበላሹ ወስኗል። ምግብ የሚተካ ጉሉኮስ ከዚህ ውጭ ነው። የሻፊዒይ ኪታቦች የጆሮ ጠብታን ያበላሻል ስለሚሉ በተቻለ መጠን ወደ ማታ ማድረጉ ከልዩነቱ ያወጣል። ስኳር ያለበት ሰው ጣቱን ወግቶ መለካቱም ኢንሱሊን መወጋቱም ፆሙን አያፈርስም። ይህን ሳያውቁ መለካት ትተው የሚወድቁ ሰዎች መኖራቸው ያሳዝነኛል። የዓለም አቀፍ የስኳር ሕክምና መመሪያ ልኬቱ (በmg/dL) ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ወዲያው እንዲፈታ ያዛል። በዚህ ጊዜ መፍታት የኢማን ማነስ አይደለም። 185ኛው አያ የሰጠው መብት ነው፤ ሕይወት የሚያሰጋ ከሆነም ግዴታ ነው።

አሁን ወደ ዕዳው። አራት ዓይነት ሰው አለ፤ የሁሉም ሒሳብ ይለያያል።

የመጀመሪያው ቀዷ ብቻ ያለበት ነው። የሚድን በሽታ የያዘው፣ መንገደኛ፣ የወር አበባ ወይም የወሊድ ደም ያየች ሴት። ዓኢሻ (ረ.ዐ) «ፆምን ቀዷ እንድናወጣ እንታዘዝ ነበር፤ ሶላትን ቀዷ እንድናወጣ ግን አንታዘዝም ነበር» ብላለች። ደሙ ከመግሪብ በፊት አንድ ደቂቃ ሲቀር ቢመጣም የዚያ ቀን ፆም ፈርሷል። ከፈጅር በፊት ከጠራች ደግሞ ጉስሏን ባታደርስም ነይታ ትፆማለች። እዚህ ላይ ሁለት ስህተት አለ። አንዷ ሳትጣጠብ ስላነጋች ብቻ ቀኑን ትተዋለች። ሌላዋ ደሟ ከትልቁ ገደብ ካለፈ በኋላም ከፆም ርቃ ትቆያለች። በሻፊዒይ የወር አበባ ትልቁ ገደብ 15 ቀን፣ የወሊድ ደም 60 ቀን ነው፤ በሐነፊ 10 እና 40። ከገደቡ ያለፈው ኢስቲሓዷ (ከወር አበባና ከወሊድ ውጭ የሆነ ደም) ስለሆነ ይፆማል።

መንገደኛ ሊፈታ የሚችለው ጉዞው ወደ 80 ኪሎ ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው፤ ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ ጥያቄ የለውም። ወሳኙ የመነሻው ሰዓት ነው። በሦስቱ መዝሀቦች ፈጅር ቤቱ ወይም መናኸሪያው ውስጥ የደረሰበት ሰው ያን ቀን ይፆማል፤ ፈቃዱ ከፈጅር በፊት ከከተማው ለወጣ ነው። ሐንበሊ ቀን የወጣውንም ይፈቅድለታል። የደረሰበት ቦታ ከመግቢያና መውጫው ቀን ውጭ አራት ሙሉ ቀን ሊቆይ ካሰበ በሻፊዒይ መንገደኝነቱ ያበቃል፤ በሐነፊ 15 ቀን ነው።

ነፍሰ ጡርና አጥቢ በተለይ መጠየቅ ያለባቸው ናቸው። በሻፊዒይ ለራሷ ወይም ለራሷና ለልጇ ከፈራች ቀዷ ብቻ። ለልጇ ብቻ ከፈራች ቀዷና ለየቀኑ አንድ ሙድ (የእህል መስፈሪያ፤ መጠኑ ከታች አለ) ፊድያ። በሐነፊ በሁሉም ሁኔታ ቀዷ ብቻ። ከኢብን ዐባስና ከኢብን ዑመር ፊድያ ብቻ ይበቃል የሚል ተላልፏል፤ አራቱ መዝሀቦች ግን አልያዙትም። በተከታታይ እያረገዘች ለምታጠባ እህት ዕዳው ስለሚከማች በዚህ ላይ የምትተማመንበትን ዓሊም አስቀድማ ብትጠይቅ ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ቀዷውን ያለ ምክንያት እያለፈ ሌላ ረመዳን የገባበት ነው። በሻፊዒይ፣ በማሊኪና በሐንበሊ ቀዷው ላይ ለየቀኑ አንድ ሙድ ይጨመራል፤ በሻፊዒይ በጠንካራው አባባል ባለፈ ዓመት ቁጥር ይደጋገማል። ሐነፊ ቀዷ ብቻ ይላል። ሕመሙ ወይም እርግዝናና ማጥባቱ ዓመቱን ሙሉ ላላስቻለው ጭማሪ የለበትም።

ሦስተኛው ፊድያ ብቻ ያለበት ነው፤ ያረጀ ሰው ወይም ይድናል ተብሎ ተስፋ የማይደረግ ታማሚ። ሙድ መካከለኛ ሰው በሁለት እጁ የሚያፍሰው አንድ ሙሉ እፍኝ ነው። አራት ሙድ አንድ ሷዕ ይሆናል። ሷዕን ብዙዎች ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ ስለሚያደርጉት ሙዱ ከ625 እስከ 750 ግራም ይሆናል። የሚሰጠው የአካባቢው ዋና እህል ነው፦ ጤፍ፣ ስንዴ፣ በቆሎ፣ ማሽላ። በሻፊዒይ እህሉን ለድሃው ማስያዝ ያስፈልጋል። ሐነፊ ግማሽ ሷዕ ስንዴ ወይም ዋጋውን ወይም ሁለት ጊዜ ማጥገብን ይቀበላል። አነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ) ሲያረጅ ለየቀኑ አንድ ሚስኪን ዳቦና ሥጋ ያበላ እንደነበር ቡኻሪ ጠቅሷል። የ30 ቀኑን ፊድያ ለአንድ ድሃ መስጠት ይቻላል፤ አንዱን ሙድ ለሁለት ሰው መክፈል ግን በሻፊዒይ አይሆንም። ረመዳን ሳይገባ ቀድሞ መክፈልም በሻፊዒይ አያብቃቃም። የሚድን ሰው ፊድያ ከፍሎ ቀዷውን መተው አይችልም፤ ገንዘብ ያለው ሰው ቶሎ የሚሳሳተው እዚህ ነው።

አራተኛው ከፋራ ያለበት ነው። በረመዳን ቀን ከሚስቱ ጋር የተገናኘ ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ መጥቶ «ጠፋሁ» አለ። ባሪያ ነጻ ማውጣት፣ ሁለት ወር በተከታታይ መፆም፣ 60 ሚስኪን ማብላት በየተራ ቀረቡለት፤ አንዱንም አልችልም አለ። ተምር የሞላ ቅርጫት ሲመጣ ይህን ውሰድና መፅውት ተባለ። «ከኛ በላይ ለድሃ? በመዲና ግራና ቀኝ ከኛ ቤት የባሰ ድሃ የለም» ሲል ክራንቻቸው እስኪታይ ሳቁና «ቤተሰብህን አብላው» አሉት። ዛሬ ነጻ የሚወጣ ባሪያ ስለሌለ የሚጀመረው ከሁለቱ ወር ፆም ነው። ያለ በቂ ምክንያት አንድ ቀን ከተቋረጠ ሀ ተብሎ ይጀመራል። ስለዚህ ዒድ የማይገባበትን ጊዜ አስቀድሞ ማስላት ያስፈልጋል፤ ሁለቱ ዒዶችና ከዒደል አድሓ ቀጥሎ ያሉት ሦስት ቀናት አይፆሙም። ከበሽታ ወይም ከእርጅና የተነሳ መፆም ያልቻለ ለ60 የተለያዩ ሚስኪኖች አንዳንድ ሙድ ይሰጣል፤ እዚህ ላይ ለአንድ ሰው መከመር አይሠራም። በሻፊዒይ ከፋራው የባል ብቻ ነው፤ በሐነፊና በማሊኪ ሚስት ፈቅዳ ከሆነ እሷም አለባት። ሐነፊና ማሊኪ እያወቀ ለበላም ከፋራ ያስወጣሉ፤ ሻፊዒይና ሐንበሊ ግን ቀዷና ከልብ ተውበት ይሉታል። የረመዳንን ቀዷ መሃል ላይ ያለ ምክንያት መፍታት ኃጢአት ቢሆንም ከፋራ የለውም።

የሞተ ሰው ዕዳ ሁለት መልክ አለው። ሕመሙ ሳይለቀው የሞተ ቀዷ የማውጣት ዕድል ስላላገኘ ምንም የለበትም፤ ቤተሰቡ መጨነቅ አይገባውም። ዕድሉ ኖሮት ሳያወጣ የሞተ ግን ከውርሱ ለየቀኑ አንድ ሙድ ይወጣለታል፤ ወይም «ፆም ኖሮበት የሞተን ወሊዩ ይፁምለት» በሚለው ሐዲስ መሠረት የቅርብ ዘመዱ ይፆምለታል። የሻፊዒይ ሊቅ ነወዊይ የመረጡት ይህን የመጨረሻውን ነው።

ቀዷው ለተከማቸበት መንገዱ ከሚያስፈራው ይልቅ ቀላል ነው። መጀመሪያ መቁጠር። የማያስታውስ ሰው ከዚህ አይበልጥም ብሎ ልቡ እስኪረጋ ድረስ ወደ ላይ ይገምት። በረመዳን ሰባት ቀን የሚቀርባትና አስር ዓመት ያላወጣች እህት 70 ቀን አለባት፤ ሰኞና ሐሙስን ብትይዝ በ35 ሳምንት ትጨርሳለች። ማከታተል ግዴታ አይደለም። ሙሉ ወሩን ያልፆመ ሰው ያ ረመዳን 29 ከነበረ 29 ነው ያለበት። አርብን ብቻ ነጥሎ መፆም የተጠላው ለሱና ፆም ነው፤ ለቀዷ ችግር የለውም። ስዊድንና ኖርዌይ ያላችሁ ደግሞ ረጅሙን የበጋ ቀን በበሽታ ያጎደላችሁ ከሆነ በታኅሣሥ አጭር ቀን ብታወጡት ሙሉ ነው፤ ሒሳቡ ቀን በቀን እንጂ ሰዓት በሰዓት አይደለም።

ሻዕባን ከተጋመሰ በኋላ አይፆምም የሚለው ሐዲስ ብዙ ሰው ቀዷውን እንዲያቆም ያደርገዋል። ያ ልማድ ለሌለው የሱና ፆም ነው፤ ቀዷ ያለበት ሰው እስከ ሻዕባን 30ኛው ቀን ድረስ መፆም ይችላል። የቀረው ቀን ከዕዳው ካነሰም ያለውን ቀን ሁሉ ይፁም። ረመዳን ውስጥ ቀዷ ማውጣት ስለማይቻል ወሩን በራሱ ኒያ ይፆማል፤ የተረፈውን ከሸዋል (ከረመዳን ቀጥሎ ያለው ወር) ሁለተኛ ቀን ጀምሮ ይቀጥላል።